የእትዬ አልማዝ አሸዋ፣ ሙኑኪ ድረስ

ወደ ጁባ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ ሙኑኪ ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ባለፈው ክረምት የውሃ ታንከሯ ማማ ዘሞ፣ ለጥቂት ነው ወጥ ቤቱ ላይ ሳይወድቅ የቀረው። አሁን እዚያው ሌላ ልታቆም ነው። እንጀራዬ የአፈር ምርመራ ስለሆነ «ናና መሠረቱን እየው፣ ዘንድሮ እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ።

ከአየር ማረፊያው ሻንጣዬን ታቅፌ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ወጣሁ። ነጂው ልጅ ሞተሩን በመንገዱ ጉድጓዶች መሃል ሲያሾልክ ከፍርሃቴ አድናቆቴ በለጠ።

ሙኑኪ

እትዬ የናይል አሳ ጥብስ አበላችኝና ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የመሠረቱ ጉድጓድ እስከ አፉ በወንዝ አሸዋ ተሞልቷል። ንጹሕ፣ ሻካራ፣ የሚያስቀና አሸዋ ነው። የብረት ዘንግ ስሰድበት ግን ቅቤ የወጋሁ ያህል ሰመጠ።

«ከመኪናው እንደተገለበጠ ነው የተተወው?»

«ታዲያስ። ምርጥ አሸዋ ነው።»

«አሸዋውስ ምርጥ ነው፤ አቀማመጡ ነው የከፋው። ፍሬዎቹ በቅጡ አልተደጋገፉም። ውሃ የሞላ ታንከር ሲጫናቸው ይንሸራተታሉ።»

«አሸዋ አሸዋ ነው፤ ነገ የማማው ብረት ይተከላል» ብላ ጥላኝ ገባች። እትዬ እምቢ ካለች አለች ነው።

ሃይ ማላካል

በማግስቱ ጠዋት ምስር ልትገዛ ሃይ ማላካል ሰፈር ወዳለው የሐጂ ሰይድ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። የወሎ ሰው ናቸው፣ ጨዋታ አዋቂ። ጣሳውን ሞልተው ሊገለብጡላት ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«ሐጂ፣ ነቅነቅ ያድርጉት እንጂ። የአገራችን ወግ ጁባ ሲገባ ይቀራል እንዴ?»

«አንቺ እያለሽ የት አመልጣለሁ» ብለው ነቀነቁት። ምስሩ ወረደ፤ ጨመሩበት።

«እትዬ፣ ያው ምስር፣ ያው ጣሳ። ለምን ጎደለ?» አልኳት።

«ተጠጋግቶ ተቀመጠ» አለችና ጣሳውን ጎንበስ ብላ አየችው። «የኔ ጉድጓድ ያልተነቀነቀ ጣሳ ነው በለኛ» አለች።

ከሰዓት አሸዋው ተዛቀ። ስስ ስስ እያደረግን፣ ውሃ እያርከፈከፍን፣ በሚንቀጠቀጥ መጠቅጠቂያ ማሽን እየመታን መለስነው። ያው አሸዋ ተመልሶ ጉድጓዱ ከአፉ ስንዝር ያህል ጎደለ። እትዬ ጎንበስ ብላ አየችው። «ለዚህ ሁሉ ባዶ ነበር ታንከሩን የማሸክመው» አለች። ዘንጉ አሁን አልገባ አለ። እህቴ ያመነችውን ነገር ሳታቅማማ አፍርሳ ስትሠራ ሳያት ኮራሁባት።

አዲስ አበባ

ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለአሸዋም ይሠራል፤ ፍሬው ጥሩ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ስፈታ እትዬ ደወለች።

«ታንከሩ እስከ አፉ ሞላ» አለች።

«እንዴት ሆነ ታዲያ?»

«ወንበር አውጥቼ ከሥሩ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነው።»