የጡቡ መጋዘንና የእናቴ እንግሊዝኛ

እርጥብ የጡብ አቧራ በሸተተኝ ቁጥር አሥር ዓመቴ ላይ እመለሳለሁ። ዝናብ የነካው የድሮ ጡብ ከአፈርም ከዝገትም የተቀላቀለ ሽታ አለው። በልጅነቴ ቅዳሜ ማለት ያ ሽታ ነበር።

በዲቪ ከድሬዳዋ አሜሪካ ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር፤ የምንኖረው ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ቅዳሜ ኤርፖርት ሥራ ይገባል። የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ እናቴ የጽዳት ሥራዋ ቦታ ይዛኝ ትሄዳለች። ቦታው ከዳላስ ዳውንታውን በስተደቡብ፣ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ያለ ትልቅ የቀይ ጡብ መጋዘን ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ጥጥ ይከማችበት ነበር ይላሉ። ለብዙ ዘመን ተዘግቶ ኖሮ ግማሹን አፍርሰው ፓርኪንግ አደረጉት፤ የተረፈውን ደግሞ አፓርታማ ሊያደርጉት እያደሱ ነበር።

እኔ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ ደብተሬንም ምሳዬንም ዘርግቼ ቦታ ይተርፈኛል። መስኮቶቹ ከላይ እንደ ቀስት የጎበጡ፣ ምሰሶዎቹ ደግሞ ሳቅፋቸው እጆቼ የማይገናኙባቸው ግንዶች ነበሩ። ከውጭ ግድግዳው ላይ የብረት ኮከቦች ተደርድረዋል። ጌጥ መስለውኝ ስቆጥራቸው እናቴ ሳቀችብኝ።

«ጌጥ አይደሉም። ከዚህ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ የሚያልፍ ብረት አለ፤ ኮከቡ የብረቱ ጫፍ ነው። ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ እንዳይዘሙ የያዛቸው እሱ ነው።»

ድሬዳዋ እያለን የሕንፃ ቴክኒሺያን ነበረች፤ ያረጁ ቤቶችን ስታሳድስ ነው የኖረችው። እዚህ የሰጧት ግን መጥረጊያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስንገባ ፎርማኑ፣ ሚስተር ዴል፣ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ቆሟል። ሚስተር ዴል ረጅም፣ ድምፁ ጎርናና የቴክሳስ ሽማግሌ ነው፤ በጣም እፈራው ነበር። የግድግዳው ጡብ ፊቱ እየተላጠ መሬት ላይ ረግፏል። «ይሄ በስብሷል፤ ሰኞ እናፈርሰዋለን» ሲል ሰማሁና ለእናቴ ነገርኳት። መጥረጊያዋን ጣለችው።

«ጡቡ አልበሰበሰም በዪው» አለችኝ። «ድሮ የተገነባው በኖራ ነው። በኋላ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ደፍነውታል። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጡቡን ልጦ ይወጣል። ያበላሻችሁት እናንተው ናችሁ በዪው።»

በዚያ ሰሞን ሥራ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሌይ ኦፍ ተደረጉ፣ ከሥራ ተቀነሱ እየተባለ ቤት ውስጥ ሲወራ እሰማለሁ። ኖራ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባልም አላውቅም። ሶ፣ እናቴን እንዳያባርሩብኝ ፈራሁና «እናቴ ግድግዳው በጣም ያምራል ትላለች» አልኩት። ሚስተር ዴል ፈገግ ብሎ አመሰገናት።

እናቴ ፊቱን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አልሽው?»

«ያልሽኝን።»

«እኔ ያልኩት ፈገግ የሚያሰኝ አይደለም።»

አልተቆጣችኝም፤ ፊቷ ፊቴ ጋ እስኪደርስ ጎንበስ አለች። «ስለ እኔ አትፍሪ። ለቃሉ እኔ አለሁልሽ፤ አንቺ ዐረፍተ ነገሩን ስሪልኝ። ኦኬ? ኖራ በእንግሊዝኛ ‹ላይም› ነው የሚባለው።»

ከኮሌጅ መጽሐፏ የያዘችው ቃል ነው። እኔ የማውቀው ‹ላይም› ግን ሎሚ የሚመስለውን አረንጓዴ ፍሬ ነው። «እማዬ፣ እሱ እኮ ይበላል!»

«በዪው ብያለሁ።»

እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያበላሻችሁት እናንተው ናችሁ የሚለውን እንኳ አላስቀረሁም። ፈገግታው ጠፋ። እናቴ የቤታችንን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ሲሚንቶ ወዳልነካው ጥግ ሄደች። መጋጠሚያውን ጫር ስታደርገው ነጭ ዱቄት ረገፈ፤ እዚያ ያለው ጡብ ጫፉ እንኳ አልተላጠም። ሲሚንቶውን ስትጭረው ቁልፉ ተንሸራተተ። ሚስተር ዴል ቁልፉን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው። ደግሞ ሞከረው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና «ስሟ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስትጠርግለት ስሟን ጠይቆ አያውቅም።

«ሰናይት» አልኩት።

ሰኞ ግድግዳው አልፈረሰም። የድሮ ሕንፃ የሚያውቅ መሐንዲስ አስመጡ፤ እሱም እናቴ ያለችውን ደገመላቸው። ከዚያ በኋላ ለግንበኞቹ አሠራሩን እያሳየች፣ ከእነሱ ጋር ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለፈለች፣ ኖራ እያቦካች ወራት ሠራች። ቀላል አልነበረም። የጽዳት ሠራተኛ አታዘንም ብለው የሚያጉረመርሙ ነበሩ። ማታ ማታም ኖራ የሰነጣጠቀውን እጇን ቫዝሊን እቀባት ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ የሰው ቃል ቀይሬ አላውቅም።

ዛሬ እናቴ የድሮ ሕንፃዎች እድሳት ትቆጣጠራለች። ያኔ ጭር ያለው መጋዘን አሁን ሰው ሞልቶታል፤ ጥጥ ይራገፍበት የነበረው መድረክ ላይ ልጆች ስኩተር ይነዳሉ። ባለፈው ወር አብረን በዚያ ስናልፍ፣ ውሻዋን የያዘች አንዲት ወጣት ከበሩ ወጣች። እናቴን ግድግዳውን ስትዳስስ አየቻትና ስለ ሕንፃው ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልማድ ሆኖብኝ ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። እናቴ ግን በራሷ እንግሊዝኛ፣ ድሬ ድሬ በሚል እንግሊዝኛዋ፣ ጀምራ ነበር። ስለ ጥጡ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ኖራው ትነግራታለች፤ ልጅቷም ገመዱን የሚጎትተውን ውሻ ረስታ ትሰማታለች። አፌን ዘግቼ ከጎናቸው ቆምኩ። ሥራ ፈትቼ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።