እማዬ «ተወው» ያለችው ላፕቶፕ

ባለፈው እሁድ ጎሮ እናቴ ቤት ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ እማዬ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያንን አሮጌ ላፕቶፕ አውርዳ ፊቴ አስቀመጠችው። «በል እንግዲህ፣ አሁን ሥራልኝ» አለች። ሳቄ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልነካው የከለከለችኝ እሷው ራሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። ያኔ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ለእረፍት ቤት መጥቻለሁ፤ የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ዘመን። እማዬ ቦሌ ለሚ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነበረች። ዲግሪ ከሌለሽ እድገት የለም ስላሏት በዚያ ዕድሜዋ በርቀት መማር ጀምራለች። የዓመቱን የመጨረሻ ጽሑፍ እስከ ዓርብ በኢንተርኔት ካልላከች ዓመቱ ይቃጠልባታል። በዚያው ሳምንት ላፕቶፑ ዋይፋይ መያዝ አቆመ።

ዋይፋዩ እንኳ የኛ አልነበረም፤ በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት የሆነው የእትዬ ዘሃራ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ከድር በሕይወት ሳሉ አስገብተውት ለኛም የይለፍ ቃሉን ሰጥተውን ነበር። እሳቸው ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗል። ለቀስተኛው ሲበተን እትዬ ዘሃራ በራቸውን ዘጉ። እማዬ ስታንኳኳ «ደህና ነኝ፣ አትልፊ የኔ እህት» ብለው ይመልሷታል። እሷ በዚህ ትብሰለሰላለች፤ እኔ ያሳሰበኝ ዋይፋዩ ብቻ ነው።

ችግሩ ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው የዋይፋይ ካርድ ናት ብዬ ፈረድኩ፤ እውነቴንም ነበር። ቦሌ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ካለ ጥገና ቤት የተሻለች ካርድ ገዛሁ። ጠጋኙ «አምጣው፣ እኔ ልግጠምልህ» ቢለኝ «ራሴ እገጥመዋለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ ወንድሜ፤ ብቻ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ቀስ ብለህ ንቀላቸው። አንቴናዎቹ ናቸው፤ ከተበጠሱ ካርዱ ዋጋ የለውም።»

ማን ሰምቶት! ጥብስ በቆሎዬን እየጋጥኩ፣ የጎሮን ጭቃ እየዘለልኩ፣ እማዬ ለሥራ ባልደረቦቿ ስለ እኔ የምታወራውን ሳስብ ቤት ደረስኩ።

ሽቦዎቹን በእማዬ ወረንጦ ይዤ ሳብኩ። አንደኛው ጧ አለ። ሁለተኛውም ተከተለው። ጫፎቻቸው አሮጌዋ ካርድ ላይ ቀሩ። አዲሷን ሰካሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ላፕቶፑ ሲከፈት ካርዷን አወቃት፤ ግን አንድም ዋይፋይ አያይም።

እማዬ ከሥራ ገብታ «ተሠራ?» አለችኝ።

«ተሠርቷል። ኔትወርክ ነው የጠፋው።»

በዚህ ከተማ ከዚህ የሚቀል ውሸት የለም። እማዬም ሁለት ቀን አመነችኝ። ሐሙስ ከሰዓት ግን የጎረቤት ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ ስታይ አገኘቻት። ገብታ ፊቴ ቆመች።

«አንተ፣ ኔትወርኩ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የጠፋው?»

«በጥሼዋለሁ እማዬ።»

ትጮኻለች ስል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሽቦው ይበጠስ። ማክሰኞ ብትነግረኝ ኖሮ ሰው እፈልግ ነበር» አለች። በጣም አፈርኩ።

ያለ አንቴና ካርዷ የምትይዘው ራውተሩ ሥር ሲጠጉ ብቻ መሆኑን ነገርኳት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ላፕቶፑን ታቅፋ፣ የእትዬ ዘሃራን በር አንኳኳች፤ እኔም ተከተልኳት።

እትዬ ዘሃራ «ደህና ነኝ፣ አትል...» ብለው ሳይጨርሱ፣ «አንቺን ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት!» አለቻቸው። «ይሄ ልጄ ጉድ ሠርቶኛል። እዚያ ማሽን ሥር ካልተቀመጥኩ ዓመቴ ተቃጠለ።»

እትዬ ዘሃራ ላፕቶፑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሩን ከፈቱ። ጽሑፉ ሲላክ ሦስታችንም ተነፈስን። ፍልሰታ ስለነበር ለእማዬ ብለው ጎመን በዘይት ሠርተው ከቆጮ ጋር አቀረቡ። «ለሰው ካበሰልኩ ቆየሁ፤ ጨው በዝቶ ይሆናል» አሉ። በዝቶ ነበር፤ ጠርገን በላነው።

በሳምንቱ ትክክለኛ ሽቦ ገዝቼ መጣሁ። «ተወው» አለች እማዬ። በሚቀጥለው ዓመት ጠየቅኳት፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላም ጠየቅኳት፤ ያው «ተወው» ነው። ዲግሪዋን እትዬ ዘሃራ ሳሎን ተቀምጣ ጨረሰች። ከዚያም በኋላ ላፕቶፑን እንደታቀፈች ተከታታይ ድራማ ልታይ ትሻገራለች። ጥሩ ስልክ ብገዛላት «ዓይኔ አይችለውም» አለች። እኔ የመሰለኝ እጄን አላምን ብላ ነው። ዛሬ የምኖረው ኮምፒውተር በመጠገን ነው፤ ሰው ከሲኤምሲ ድረስ ይመጣልኛል። የገዛ እናቴ ግን አንዲት ሽቦ አታስነካኝም። ይህ ያመኝ ነበር።

እሁድ ብሎኖቹን እየፈታሁ «ዛሬ ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ዘሃራን ልጇ አዳማ ወስዳት የለ? እኔም የራሴን ዋይፋይ አስገባሁ። በዚህ በትልቁ ስክሪን ላያት ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት?»

«ከተሠራልኝ ምን ብዬ በሯን አንኳኳለሁ? ልጠይቅሽ ካልኳትማ ትመልሰኛለች።» ከዚያ የእኔን ፊት አየች። «እጅህንማ መች ጠረጠርኩት! ወረንጦ ላምጣልህ?»

እየሳቅሁ ሽቦዎቹን ለወጥኩ። እትዬ ዘሃራ ከአዳማ ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ።

«እንዴ፣ ሠራልሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ጥለሽኝ ሄድሽ።»

«እኔኮ አንድም ቀን አሠሪው ብዬሽ አላውቅም» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

እስከ ዛሬ ስንቱን ማሽን ጠግኛለሁ። እንደዚያ እንደበጠስኩት ሽቦ ሰው የጠቀመ ሥራ ግን የሠራሁ አይመስለኝም።