የማይጋቡ መድኃኒቶች

ድራጊስት ተብዬ በሱዳን ጠረፍ ካለችው ከኮኪት ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሥራ በጀመርሁበት ቀን አንዲት ፍሬ ክኒን አላደልሁም። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ የመቁጠሪያውን ሳህን ከእጄ ወሰዱና በምትኩ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ደብተር አስያዙኝ። ዲፕሎማዬን በፋይል አድርጌ ነበር የመጣሁት፤ ገልጠው እንኳ አላዩትም። «በርጩማዋ ላይ ቁጭ በልና አንብብ» አሉኝ። እስከ ማታ አነበብሁ።

የደብተሩ ስም «የማይጋቡ» ነበር። በግራ በኩል አንድ መድኃኒት፣ በቀኝ በኩል ከሱ ጋር ሊሰጥ የማይገባው ተጽፏል። እትዬ የጎንደር ሰው ናቸውና ትምህርቱን ሁሉ በጋብቻ ነበር የሚያስረዱኝ። ልጅ ሲዳር ዘር እንደሚቆጠር፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሠርግ እንደማይደገስ ነገሩኝና «ሰው ሆድ ውስጥ ሁለት መድኃኒት ስትድርም እንደዚያው ቁጠር» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመስኮቴ የቆመውን ሁሉ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሳልል ማዘዣ ተቀብዬ አላውቅም። ሙቀቱ ጭንቅላት በሚያዞርበት ሚያዝያም፣ ሰልፉ እስከ በር በሚደርስበት የወባ ወቅትም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ሰላምታ መስሎት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስልኝ ነበር።

ከደብተሩ መካከል በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ገጽ አለ። አርእስቱ «ሴሮቶኒን የሚያበዙ» ይላል። ሴሮቶኒን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ለድብርት ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከፍ ያደርጉታል፤ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም እንደዚሁ። በአግባቡ ከተወሰዱ ለየብቻቸው ደግ ናቸው። ሲገናኙ ግን ልኩ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ያልበዋል፣ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፤ ካልተደረሰለትም ሊሞት ይችላል። ከገጹ ግርጌ እትዬ «እግሩን እይ፣ ይጨፍራል» ብለው ጽፈዋል። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ያየሁት ቀን እንደሚገባኝ፣ ባላየው ግን እንደሚሻለኝ ነገሩኝ።

እትዬ ጡረታ ወጥተው ጎንደር ሲገቡ ሳህኑንም ደብተሩንም ለእኔ ተዉልኝ።

አያልነህን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ በየዓመቱ ከጎጃም የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ወሬው ከማጭዱ ይፈጥናል። አንድ ክረምት ግን ዝም ብሎ መጣ። ታናሽ ወንድሙ ሞቶበት እንቅልፍም እህልም እንቢ ብሎት ነበር። ጎንደር ያለ ሐኪም ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት አዘዘለት፤ እኔ በየወሩ ማደል ጀመርሁ። በሁለተኛው ወር ፊቱ ተመለሰ። ዶክተር እያለ ሲጠራኝ፣ ዶክተር አይደለሁም ብዬ ስነግረው፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ብልቃጥ ማን ሾመዎት?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር የእሱን ተራ እጠብቅ ነበር። በመጣ ቁጥር ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ እጠይቀዋለሁ፤ በመጣ ቁጥር «የለም ጌታዬ» ይለኛል።

ጥቅምት ነበር። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል፤ ስለዚህ አጫጁ ወገቡን ሳያቀና ይውላል። ረፋድ ላይ ሐጂ ዑመር አያልነህን በፒካፓቸው አመጡት። ሐጂ ለእርሻዎቹ ስንቅ የሚያቀርቡ የኮኪት ነጋዴ ናቸው፤ አያልነህ ጠዋት ከሱቃቸው ቁርሱን በልቶ ሲወጣ በሩ ላይ ነበር የወደቀው።

ጤና መኮንኑ መጀመሪያ ወባ ጠረጠረ፤ በቆላ ማን አይጠረጥርም? ደሙ ሲታይ ወባ የለም። እንግዲያው ፀሐይ መትቶት ነው ተባለ። አያልነህ ወገቤን፣ ወገቤን እያለ ያቃስት ስለነበር ጤና መኮንኑ የትራማዶል መርፌ ጻፈለት። ማዘዣው በመስኮቴ ገባ።

መርፌውን ከመደርደሪያው አውርጄ ማዘዣው ላይ የታማሚውን ስም ሳነብ እጄ ቆመ። አያልነህ የፍሉኦክሰቲን ሰው ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በቀዩ ገጽ ላይ ናቸው። መርፌውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወደ ሕሙማን ክፍሉ ሄድሁ። አያልነህ በላብ ርሷል፣ መንጋጋው ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ጤና መኮንኑን ውስጥ እግሩን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አልሁት። ቁጡ ሰው ነው፤ ግን አደረገው። እግሩ ብቻውን ይመታ ጀመር፤ ይመታል፣ ይመታል፣ አይቆምም። እትዬ ጭፈራ ያሉት ይህንን ነበር።

ፍሉኦክሰቲን እንደሚወስድና ቀዩ ገጽ የሚለውን ስነግረው ጤና መኮንኑ ደግ ጥያቄ ጠየቀኝ። መርፌው ገና አልተሰጠም፤ የእኔ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በዚህ መጠን ለብቻው ይህን አያደርግም። ሁለተኛው መድኃኒት የት አለ?

ሐጂን ሌላ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ወላሂ፣ ከእናንተው በቀር ምንም አልወሰደም አሉ። ሐጂ ውሸት የማይወዱ ሰው ናቸው። ግራ ገባኝና ጥያቄውን ለወጥሁት፤ ዛሬ በአፉ ምን እንደገባ ንገሩኝ አልኋቸው። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሻይ፣ ዳቦ፣ ውኃ።

«ሐባውንም ውጧል። ሦስት ይሁን አራት» አሉ።

«ሐባ መድኃኒት አይደለም እንዴ ሐጂ?»

«ሐባማ ለጉልበት ነው፤ አጫጁ ሁሉ ይውጠዋል። ሐባ ደግሞ መቼ መድኃኒት ሆነ?»

የአያልነህን ኪስ ፈተሽን። ከድንበር ማዶ የመጣ፣ ግማሹ የተበላ የክኒን ሰሌዳ ወጣ። ጽሑፉ ዐረብኛ ስለነበር ለሐጂ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡልን፤ ትራማዶል።

ሐባ በሱዳኖቹ ዐረብኛ ፍሬ ማለት ነው፤ ክኒንንም እንዲሁ ይሉታል። ቃሉን በገበያም በመናኸሪያም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በእኛ ቆላ መድኃኒት ማለት ጤና ጣቢያ በከረጢት የሚሰጥህ፣ ታመህ የምትውጠው ነው። ሐባ ግን ከማጭድና ከውኃ ጀሪካን ጋር የሚቆጠር የሥራ ዕቃ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር አለ፤ ፍሉኦክሰቲን የትራማዶልን ሕመም የማስታገስ ኃይል ይቀንሳል። ወገቡ አልሻል ሲለው አያልነህ ሐባውን ጨመረ። በጨመረ ቁጥር ሴሮቶኒኑም ጨመረ። የእኔው ክኒን ነበር ወደ ሌላው የገፋው።

ሁለቱም መድኃኒቶች እንዲቆሙ ጤና መኮንኑ በካርዱ ላይ ጻፈ። ጉሉኮስ ተሰቀለ፣ የሚያረጋጋው ዲያዜፓም ተወጋ፣ ሲስተሯ አንሶላ በውኃ እየነከረች አለበሰችው፤ ሐጂ በካርቶን ያራግባሉ። አምቡላንሱ ሸሕዲ ከተማ ስለነበር እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እኔ የምሠራው ሥራ አልነበረኝም። እግሩን ይዤ ቆምሁ። ፈራሁ፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ዲያዜፓሙ ከተወጋ በኋላ አያልነህ ጥቂት ረጋ አለና ዓይኑን ገለጠ።

«እግሬን የያዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ አያልነህ።»

«እንዳይለቁት ዶክተር። ብቻውን ጎጃም ይሄዳል።»

ሲስተሯ ሳቀች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

አምቡላንሱ አያልነህን ይዞ ወደ ጎንደር ሲወጣ ለእትዬ ጥሩወርቅ ደወልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሰባት ቤት ቆጥረህ ነበር ወይ አሉኝ። ቆጥሬ ነበር፤ ዘመድየው ግን ስሙን ለውጦ መጣብኝ አልኋቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«እኔም ያን ሁሉ ዘመን ሐባን አልቆጠርሁት» አሉ። «ደብተሩ ላይ ጻፈው።»

በማግሥቱ እትዬ አጥሚት ይዘው ሆስፒታል ሊጠይቁት ሄዱ። እግሩ ቆሟል፣ አፉ ግን አልቆመም ብለው ደወሉልኝ። እኔም በቀዩ ገጽ፣ ከትራማዶል ጎን «ሐባ» ብዬ ጻፍሁ። ከመስኮቴ በላይ ጽፌ የለጠፍሁትን «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚለውን ወረቀትም አወረድሁት። ከዚያ በኋላ የምጠይቀው «ለጉልበት፣ ለእንቅልፍ፣ ለወገብ የምትውጠው ምን አለ? ኪስህን አሳየኝ» እያልሁ ነው።

በዓመቱ ለአረም የሚወርዱት ሲመጡ አያልነህ ከመስኮቴ ቆመ። ሐኪሙ ከሳምንታት በኋላ የድብርቱን መድኃኒት መልሶ ጀምሮለት ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት ኪሱን ባንኮኒው ላይ ገለበጠ፤ መርፌ ከነክሩ፣ የሞባይል ካርድ፣ ትንሽ ቆሎ።

«እኔ ጋ ሐባ የለም» አለኝ። ከኋላው አራት የአገሩ ልጆች ተሰልፈዋል። «እነዚህ ጋ ግን አለ። መድኃኒት አልወስድም ቢሉዎት አይመኑ፤ እየዋሹ አይደለም።»

አራቱም ኪሳቸውን ገለበጡ።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። አያልነህ አንድ ቀን አልዋሸኝም፤ የጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ። መድኃኒት ከማደላችሁ በፊት ሰው የሚውጠውን፣ እሱ በሚጠራበት ስም ጠይቁት።