ጃይንት ያሉት ወንድሜ

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ከግቢው በር አንድ የጎረምሳ ድምፅ «ጃይንት! አንተ ጃይንት! ውጣ እንጂ!» ብሎ ተጣራ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ልጄ ናቲ ዝቅ ባለው የጓዳ በር አጎንብሶ ብቅ ሲል፣ «ማንን ነው የሚጠሩት?» አልኩት።

«እኔን ነዋ» አለና ሳቀ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ የገዛሁለት ሱሪ ሁሉ አጥሮበታል።

«ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እንዴ እማ! ግዙፍ ማለት ነው። ትልቅ ኩባንያም ጃይንት ይባላል፤ በኳስም በዘፈንም የገነነ ሰው እንደዚሁ። ስድብ እኮ አይደለም፣ ሙገሳ ነው።»

አራተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ መሆኔን ስለሚያውቅ ቀስ ብሎ ነው ያስረዳኝ። እኔ ግን ያቺን ቃል እሱ ሳይወለድ ነው የማውቃት። ከእንግሊዝኛው ሁሉ እሷን ባላውቅ በወደድኩ።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ሠራተኛ ሰፈር ነበር። አባታችን ሞቷል፤ እናቴ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ጎመን ትቸረችራለች። ታላቅ ወንድሜ አሰፋ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው የሰፈሩን ጎልማሶች በቁመት በለጠ። ምን በልቶ እንዳደገ እንጃ፤ እኔም የበላሁት ያንኑ ሹሮ ነው። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ «ጃይንት» ብሎ ጽፎ ትርጉሙን ሲጠይቅ፣ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አሰፋን አየው አሉ። በቃ፣ ስም ወጣለት። የአራዳ ልጅ ስም ካወጣ ቄስ ያወጣውን ያስረሳል።

አሰፋም ስሙን ወደደው። «ሚጣ፣ ቁመት ብቻ እንዳይመስልሽ» ይለኛል። «አስተማሪያችን እንዳለው በሥራው የገነነ ሰውም ጃይንት ነው።»

እናቴ ትሰማና፣ «አንተ በምን ገነንክ? እንጀራ በመጨረስ?» ትለዋለች። እንስቃለን። የእሷ ሳቅ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነበራ። የውትድርናው ኮታ ሲጎድል ወታደርና የቀበሌ ጥበቃ መንገድ ይዘጉና ወጣቱን እያፈሱ መኪና ላይ ይጭኑታል። ዕድሜ የሚጠይቅ የለም፤ በዐይን ነው የሚለኩት። ስለዚህ እናቴ ልጇን ማሳጠር ያዘች። የአባታችንን ካኪ ሱሪ ለልብስ ሰፊ ሰጥታ ቁምጣ አሰፋችለት፤ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ይመስላል ብላ። የቤታችን በር ዝቅ ያለ ስለነበር በወጣ በገባ ቁጥር «አጎንብስ» ትለው ነበር፤ ኋላ ኋላ ደጅ ወጥቶም «አጎንብስ፣ አትቃና» ማለት ጀመረች። ያንን የመሰለ ቁመት ይዞ ትከሻውን ሰብሮ እንደ ሽማግሌ ይሄዳል። የሰፈሩ ልጆች «ጃይንት በቁምጣ!» ሲሉት አንገቱን ይደፋል።

ቀበሌም ይዛው ሄደች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጅ ነው፤ ቁመቱ እንዳያታልልዎት» ብላ ለመነች። ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «ይሄ ነው ልጅ? እናት፣ ይሄ እኮ መድፍ ብቻውን ይጎትታል!» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። ያንን የፍርሃት ሳቋን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ የአትክልት ተራ መሬት በተረገጠ ጎመን ያዳልጣል፤ ከጭቃው ሽታ መሀል የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። አሰፋ ለእናቴ ጆንያ ተሸክሞ መጥቶ ገና ላቡን እየጠረገ ሳለ፣ ከላይ ከምኒልክ አደባባይ በኩል «አፈሳ! አፈሳ!» የሚል ጩኸት ወረደ። እናቴ ከሽንኩርቱ ጆንያዎች መሀል ጎትታ አንበረከከችውና ባዶ ጆንያ ጣለችበት፤ በላዩ ጎመን ደረደረች። እኔን ከፊት አስቀመጠችኝ። ያ ሁሉ ቁመት እዚያ ውስጥ እንዴት እንደገባ!

ወታደሮቹ መጡ። አንዱ ጎመኑን አየ፣ እኔን አየ፣ አለፈ። አልፈውን ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አልፈውን ነበር።

ከዚያ የአሰፋ የልብ ጓደኛ ታዴ ከወዲያ ማዶ እየሮጠ መጣ። አሰፋ የት እንደተደበቀ አላየም። ሊያስጥለው ብሎ በሙሉ ድምፁ፣ «ጃይንት! መጡብህ! ጃይንት፣ ሩጥ!» ብሎ ጮኸ።

ወንድሜ ስሙን ሲሰማ ተነሣ። ጎመኑ ከራሱ ላይ እየረገፈ ተነሣ። ከስንት ጊዜ በኋላ በሙሉ ቁመቱ ቆሞ አየሁት፤ ከገበያው ሰው ሁሉ በላይ ነበር። ሩቅ አልሮጠም።

እናቴ የያዘውን ወታደር ጉልበት አቅፋ፣ «ልጅ ነው! ኧረ ቁምጣውን እዩልኝ!» አለች።

«እማማ» አለ ወታደሩ እየሳቀ፣ «ዋርካም ቁምጣ ይለብሳል እንዴ?»

መኪናው ላይ ሲያወጡት አሰፋ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሚጣ፣ እማዬን ያዣት።»

ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። እኔ ትምህርቴን ትቼ ከእናቴ ጋር ጎመን ሻጭ ሆንኩ። ደርግ ወድቆ የተበተነው ጦር ተጎሳቁሎ በእግሩ ከተማ ሲገባ፣ እናቴ ከመንገድ ዳር ቆማ ትውል ነበር። ፊት አትፈልግም። «እሱን በቁመቱ ነው የማየው፤ ከሁሉ በላይ ይታየኛል» ትላለች። ሰዉ ያልፋል፣ ያልፋል፤ ራስ ሁሉ እኩል ነው። መርዶ ሳይነገር አይለቀስምና ሳታለቅስለት ሞተች። ታዴ ዛሬም ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። አልጠላውም፤ ግን አልጠራውም።

ለናቲ ይህን አልነገርኩትም። የእሱ ዘመን ቃሏን ለኩባንያና ለኳስ ተጫዋች ሰጥቷታል፤ እኔ ዘንድ ግን አሁንም የአንድ ልጅ ስም ናት።

በማግስቱ እሑድ አብረን ጊዮርጊስን ተሳልመን ወደ ፒያሳ ስንወርድ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች የጫነ ፒክአፕ ቀስ እያለ በአጠገባችን አለፈ። ሳላስበው የልጄን ክንድ ያዝኩና፣ «አጎንብስ!» አልኩት።

ናቲ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ሰማይ ብቻ ነው ያለው። «እማ፣ እዚህ በር የለም እኮ» አለኝ።

 መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ክንዱን ወደ ታች ስቤ ቆየሁ፤ እሱም ነገሩ ሳይገባው ዝቅ አለልኝ።