ሦስተኛው ካልሲ

ሜልጋሱ በሚባል አገር ዳገት ላይ ያሉ አምስት ወይን አብቃዮች በየዓመቱ መጋቢት ላይ ከመካከላቸው የአንዱ የኩስቶዲዮ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። ጠረጴዛው ላይ አምስት ጠርሙስ ይደረደራል፤ አምስቱም የሱፍ ካልሲ ለብሰው። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ካልሲውን ያለበሰው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ዣኑዋሪዮ ብቻ ነው። እሱ አይቀምስም። ደንቡ አጭር ነው፤ ወይኑ ሌላ የወይን ዘር ያልገባበት ንጹሕ አልቫሪኞ ካልመሰለህ ብርጭቆህን ገልብጥ። አንድ ብርጭቆ ከተገለበጠ ያ ወይን በአልቫሪኞ ስም አይሸጥም። ከሌላው ጋር ተደባልቆ ከጋራው በርሜል ይገባል።

ከአምስቱ አንዷ ዜፌሪና ባሏ ከሞተ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወይኗን ለጋራው በርሜል ስትሰጥ ኖራለች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ልታወጣ ነው። የጠርሙሱ ወረቀት ታትሞ መጥቷል። ቪያና ከተማ ያለ ምግብ ቤት ስምንት መቶ ጠርሙስ ይጠብቃል።

«አበልጄ፣ ጠረጴዛውን ይዘሽ ቆመሻል» አላት ኩስቶዲዮ። የልጇ የክርስትና አባት ነው፤ ወይን አሽትቶ በመለየት የሚያህለው የለም። «ፈርተሽ ነው ወይስ ከጠዋት ጀምረሽው መጣሽ?»

«አንተ ከትናንት አላቆምክ፣ እኔን ትጠይቃለህ?»

ሳቁ። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ዣኑዋሪዮ ሦስተኛውን ቀዳ።

ዜፌሪና አሸተተች፤ ተጎነጨች፤ ባልዲው ውስጥ ተፋች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደ አልቫሪኞ ወግ የምላሷን ጠርዝ ቆንጥጠዋት ነበር። ይሄ አልቆነጠጣትም። እንደበሰለ የፒር ፍሬ ለስለስ አለባት። ትራጃዱራ የሚባለው ሌላ የወይን ዘር ገብቶበታል።

ደስ አላት። የጎረቤቷ አብቃይ የአማዴው መሆን አለበት። አምና ወይኗን «የሳህን እጣቢ» ያላት እሱ ነው። እጇን ወደ ብርጭቆው ሰደደች።

ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ የቀረው ጣዕም ደረሰባት። እርጥብ ድንጋይ። የብርዱን ወራት ሙሉ ከራሷ በርሜል እየቀዳች የቀመሰችው እሱን ነው። ለብቻው ሲቀመስ ጉድለቱ አልታወቃትም፤ አሁን ከሁለቱ ጎን ሲቆም ታወቀ።

ወንዙ ዳር ያሉት ሦስት ረድፎቿ ትራጃዱራ ናቸው። በለቀማ ጊዜ ከአልቫሪኞው እንዳይደባለቅ የእነሱ ሣጥን እጀታ ላይ ቀይ ገመድ ይታሰራል። የመጨረሻው ቀን ዝናብ መጣና ሣጥኖቹ ሁሉ ላስቲክ ለበሱ። ቸኮለች። እጀታውን ሳታይ ሣጥኑን አልቫሪኞው ላይ የገለበጠችው ራሷ ነበረች።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለ አማዴው። «የኔ ካልሆነ ይቆጨኛል።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኩስቶዲዮ ግን ብርጭቆውን እንደገና አፍንጫው ስር አደረገ። አየችው። ቀና ብሎ አላያትም። ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ እጁ ግን የብርጭቆውን እግር እንደያዘ ቀረ።

ዜፌሪና የቀረውን ባልዲው ውስጥ ደፋችና ብርጭቆዋን ገለበጠች።

«ኧረ በጌታ!» አለ አማዴው። «ቅናት ነው!»

ዣኑዋሪዮ ካልሲውን ገፈፈ። ጠርሙሱ አንገት ላይ በጠመኔ የተጻፈው የሷ ስም ነበር።

«ምን አስቸኮለሽ?» አለ ኩስቶዲዮ በለሆሳስ። «እኔ ላሳልፈው ነበር።»

«የኔ እንደሆነ አውቀሃል ማለት ነው?»

«ገና ሳሸተው።»

«ታዲያ ዕድሜ ልኬን ባየኸኝ ቁጥር ይህን እያሰብክ ልትስቅብኝ?»

ዜፌሪና ብርጭቆዋን አቃንታ በውሃ አለቀለቀችና ወደ ደወል ደዋዩ ገፋችው።

«ቅዳ እንጂ፣ ዣኑዋሪዮ። ሁለት ይቀራል።»