ያልተተረተረው ጃኬት

ልብስ ሰፊዋ ከወንድሟ ሚስት ጋር ከተኳረፈች ወዲህ ሰፈራችን ቴሌቪዥን መክፈት ትቷል። የሚኖሩት አንድ ግቢ ነው። የአባት ቤት ነው፤ ወንድምና እህት መሃሉን በጣውላ ከፍለው ተካፈሉት። ጣውላው ቀጭን ስለሆነ አንዷ ስታስነጥስ ሌላይቱ ወዲያ ማዶ ሆና "አይማርሽ" ትላለች። "ድመቷን ነው" ትላለች ታዲያ።

ልብስ ሰፊዋን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም፤ ብዙዎቻችን ተኝታም እንደማታወልቀው እንጠረጥራለን። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትሰፋለች፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትሳደባለች፤ አንድም ቀን ስፒል ጥላ አታውቅም። በልጅነቷ የእናቷን የእጅ ስፌት መኪና እያዞረች ነው ሙያውን የለመደችው። በሰው ፊት ቆማ ወገቡን በዓይኗ ትለካና "ከብደሃል" ትለዋለች፤ ሰላምታዋ ይኸው ነው።

የወንድሟ ሚስት ደግሞ "የውጭ ዕቃ" ትባላለች። ከማንኪያዋ እስከ ጫማዋ "የውጭ ነው" ሳትል የምታሳየው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ ስሙን አወጣላት። ባሏ ራሱ እንዴት የአገር ውስጥ ሆኖ እንዳለፋት ይገርማል።

የጠቡ መነሻ የሠርግ ቀሚስ ነው። የውጭ ዕቃ ታናሽ እህቷን ስትድር ቀሚሱን ልብስ ሰፊዋ ሰፋችው። ነጭ ጨርቅ ነው፣ ሐምራዊ አበባ ጣል ጣል ያለበት፤ የመረጠችው ራሷ የውጭ ዕቃ ነች። ታዲያ ሙሽራዋ ኬኩን ልትቆርስ ጎንበስ ስትል ቀሚሱ ከጀርባዋ ጣጥ ብሎ ተተረተረ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አየ፤ ያላየውም አየሁ አለ።

"የበሰበሰ ክር!" ብላ ጮኸች የውጭ ዕቃ።

"እኔ የለካሁት ልጅቷን ነው! ከለካኋት በኋላ የበላችውን አልለካሁም!"

ከዚያ ወዲያ ተዘጋጉ። "ቀድማ የተናገረች ጥፋቷን አመነች" የሚለውን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ሁለቱም ግን እንደ መሐላ ጠበቁት። ለልብስ ሰፊዋ ነገሩ የኩርፊያ ብቻ አልነበረም። ሙሽሮች በሯ ድረስ መጥተው መንገድ ማዶ ወዳለው ልብስ ሰፊ መሻገር ጀመሩ። ለእሷ የተረፋት ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነው። የእጇ ስም ሞተ። ያን ስም ሊያስነሳ የሚችል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገደለችው።

የግድ መነጋገር ሲያስፈልግ መልእክት የምታደርሰው የውጭ ዕቃ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ "ሬዲዮ" እንላታለን። የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ከነድምፁ ታስተላልፋለች፤ እናቷ ወገቧን ይዛ ከተናገረች እሷም ወገቧን ይዛ ታደርሳለች። ክፍያዋ ከሁለቱም ወገን ከረሜላ ነው። በዚህ ሰፈር እንደ እሷ ሥራ የሞላለት ሰው አልነበረም።

ወንድምየው ሚኒባስ ሾፌር ነው። ሬዲዮ ከከተማው ውጭ ያለውን ተራራና ከሥሩ የተኛውን ሐይቅ አሳየኝ እያለች ስትጨቀጭቀው ለእሑድ ቀጠረ። ተራራው ብርድ ነው ተባለና ሚስቱ ለሬዲዮ ከትልቁ ሱቅ ጃኬት እንዲገዛ ብር ሰጠችው። ብሩ የት እንደደረሰ እሱና የሰፈሩ ቢራ ቤት ያውቃሉ። ሐሙስ ዕለት እህቱ ዘንድ ገባ።

"እህት ዓለም፣ ሞቼ ልገኝልሽ፣ አድኚኝ።"

"ለዚያች ሴት ልጅ?"

"ለእኔ ልጅ።"

ሰፋችለት። ከአሮጌ ኮቱ ላይ የውጩን ምልክት ፈታ የጃኬቱ አንገት ላይ አሳረፈችው። ትንፍሽ እንዳትል በአባታቸው አፅም አስማላት፤ ማለች። ለኪሱ ገበር ግን ከዚያ ከጉደኛው ቀሚስ የተረፈውን ጨርቅ አወጣች፤ ክሩንም ከዚያው ጥቅል መዘዘች። ሌላ ጨርቅ አጥታ እንዳይመስላችሁ።

የውጭ ዕቃ ጃኬቱን ስታይ ጮቤ ረገጠች። "ይኸ ነው ስፌት! ሂጂ ለአክስትሽ አሳያት፤ ትማርበት።"

ሬዲዮ ሄደች፣ ዞር ብላ ጀርባውን አሳየች፣ "ትማርበት" አለች። ልብስ ሰፊዋ የገዛ ሥራዋን አገላብጣ አየችና "ለእናትሽ ንገሪያት፤ የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ" አለች። የዚያን ቀን እየዘፈነች ነው የሰፋችው፤ መሃል መሃል ላይ ግን የስፌት መኪናውን ያለ ምክንያት በጥፊ ትመታው ነበር።

ሬዲዮ ያለ ድቡልቡል አልሄድም አለች። ድቡልቡል የልብስ ሰፊዋ የአራት ዓመት ልጅ ነው። "ልጄን ከዚያች ጋር? በቁሜ!" አለች እናቱ፤ ስለዚህ እሷም ተሳፈረች። ባሏ ሰላም ስለሚወድ ቤት ቀረ።

አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከመጨረሻው ወንበር፣ ሬዲዮና ድቡልቡል መሃል ላይ። ከተማው አልቆ መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ድቡልቡል ወደ ፊት ተንጠራርቶ ቁርሱን ሁሉ የውጭ ዕቃ ቦርሳ ላይ መለሰው። ቦርሳው የውጭ ነው።

"ለአክስትሽ ንገሪያት! ልጇን ቁርስ ነው ወይስ ሲሚንቶ ያበላችው?"

"ለእናትሽ ንገሪያት፣ ልጄ ደህና ነበር። ፊት ለፊቱ የሆነ ነገር አይቶ ነው የቀፈፈው።"

ወንድምየው የሬዲዮ ድምፅ ከፍ አደረገ፤ የመኪናውን ማለቴ ነው።

ተራራው ጫፍ ላይ በብረት የታጠረ ቦታ አለ። ከአጥሩ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ከታች ሐይቁ እንደተወለወለ ትሪ ያበራል። ያን ሁሉ መንገድ የተመጣው እሱን ለማየት ነበር። ማን ዞር ብሎ ይየው! ሁለት ብርድ ልብስ ጀርባና ጀርባ ተነጠፈ፣ ሁለት ፔርሙስ ተከፈተ። አንድ ጥበቃ ፊሽካ አንጠልጥሎ "አጥሩ ላይ ልጅ አይንጠልጠል!" እያለ በሰው ሁሉ ላይ ይጮሃል።

"ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ንፋሱን ከልላብኛለች።"

"ለእናትሽ ንገሪያት፣ በእሷ ወገብ ንፋስ የሚከለለው ለእኔ ነው።"

ሬዲዮ ከብርድ ልብስ ብርድ ልብስ ስትመላለስ ዳቦዋን እንኳ አልበላችም። በመጨረሻ "ሐይቁን ማን ያሳየኝ?" ብላ ጠየቀች፤ የመለሰላት የለም። ስትሄድ ያያትም የለም። የጥበቃው ፊሽካ ሲጮህ ነው ሁሉም ዞር ያለው።

አጥሩን ወጥታ ወዲያ ማዶ ተንሸራታለች። የጃኬቱ ጀርባ በተቆለመመ ብረት ተይዞ፣ እግሮቿ አየር ላይ እየተወራጩ ተንጠልጥላለች። ድምፅዋ ግን እንደ ሁልጊዜው ጥርት ያለ ነው፤ "እማዬ! ሐይቁ ታየኝ!"

ልብስ ሰፊዋ ጮኸች፤ በኋላ እንኳ አልጮኽኩም ትላለች። አባትየውና ጥበቃው ደርሰው ልጅቷን ጎትተው አወጧት። ጃኬቱ ተለጥጦ ቀሚስ አክሏል። ከስፌቱ ግን አንዲት ክር አልተነቀነቀችም።

የውጭ ዕቃ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው የጃኬቱን ጀርባ ገልጣ ማሳየት ጀመረች። "እዩልኝ ይኼን ስፌት! የውጭ ስለሆነ እኮ ነው! አንዲት የማውቃት ልብስ ሰፊ ሰፍታው ቢሆን ኖሮ ልጄን አሁን ከሐይቅ ነበር የምለቅማት!"

ወንድምየው ፊቱ ዱቄት መሰለ። እህቱን አያት፤ ዓይኑ "የአባታችንን አፅም!" ይላል።  እህትየው በሬዲዮ እንዳትልክ ሬዲዮ በድንጋጤ ተበላሽታለች፣ ሳግ ብቻ ነው የሚሰማው። ስሟ ደግሞ እዚያው በሰው ፊት ሁለተኛ እየተገደለ ነው። ብርድ ልብሱን ተሻገረች።

"ኪሷን ገልብጪው።"

የውጭ ዕቃ መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችም። ከዚያ ዘላ ተነሳች። "ተናገረች! ሰማችሁ? እሷ ናት የቀደመችው!" ጥበቃውን በክንዱ ያዘችው። "አንተ ምስክር ነህ!"

"እኔ ጥበቃ ነኝ" አለ ጥበቃው።

"ኪሷን ገልብጪው ነው የምልሽ።"

ገለበጠችው። ነጭ ጨርቅ፣ ሐምራዊ አበባ ጣል ጣል ያለበት፣ እንደ ምላስ ተጎልጉሎ ወጣ። አበባውን አየች፣ አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት አየች፣ ባሏን አየች። ባሏ የሚኒባሱን ጎማ እየተመለከተ ነበር።

"ክሩም ያው ክር ነው፣ ከዚያው ጥቅል" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ልጅሽን የያዘ ክር እህትሽን ያልያዘው ለምን እንደሆነ፣ ሄደሽ እህትሽን ጠይቂያት።"

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። የውጭ ዕቃ ኩም ብላ ገበሩን ወደ ውስጥ ጠቀጠቀችው። አመሰግናለሁ ትላለች ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ አያውቋትም። መኪናው ቁልቁል ግማሽ መንገድ ሲደርስ ከፊት ወንበር ዞር አለች፤ በቀጥታ፣ በገዛ አፏ።

"የእህቴ ጨርቅ አንቺ ጋ ምን ይሠራል? ሌባ!"

"ትርፍ ነው!"

"ትርፍ ከነበረ ለምን አጠበብሽው?"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች።  ስፒል የጣለች ያኔ ነው ይባላል።

ሬዲዮ ከተጠገነች በኋላ "የያዘኝ የአክስቴ ክር ነው" እያለች በነጻ ሰፈሩን አዳረሰች። ሙሽሮች ከመንገዱ ማዶ መመለስ ጀመሩ፤ ስሟ ተነሳ። ብቻ አሁን ሲመጡ እናታቸውን አስከትለው ነው፣ ትርፉን ጨርቅም እስከ ቁራጩ ተረክበው ነው የሚሄዱት። ወንድምየው ሚኒባሱ ውስጥ ማደር ለምዷል፤ ከሁለቱም በር ተባሯልና።

ሁለቱ ሴቶች? አልታረቁም። ልዩነቱ አሁን በጣውላው ላይ ፊት ለፊት መሰዳደባቸው ነው፤ ማለዳ ይጀምራሉ፣ ሲደክማቸው ያቆማሉ። መላላክ ቀርቷል፣ ከረሜላም ቀርቷል። ሬዲዮ ከድቡልቡል ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጣቸዋለች። ባለፈው ስንት ዓይነት ስድብ በነጻ ሲያልፍ ብትሰማ ብሷት ተነሳች፤ ጣውላውን በጡጫ እየደበደበች እንዲህ አለቻቸው።

"እናንተ! ተኳረፉ እንጂ!"