ሰው ያልሞተበት ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከቤት ስወጣ የጎረቤቴ ልጅ ከደጃፏ ብድግ አለችና «እማማ፣ የማን ለቅሶ ነው? ይቆዩ፣ ልከተልዎት» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ለቀስተኛ ሲስቅ አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ ደንግጣ አየችኝ። ምን ልበላት? በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ለለቅሶ ተከትሎኝ የሞተው ሰው ጠፍቶ እንደነበር በመንገድ ላይ አይወራም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ፣ ቤታችን ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር አጠገብ። ክረምቱ ሲገባ እንቅልፌ ጥሎኝ ጠፋ። ቁጭ ስል እግሬ ይነሳል፣ ስነሳ ልቤ ይሸሻል። እንጀራ ቆርሼ ሳልጎርሰው እረሳዋለሁ። በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ስዞር እውላለሁ፤ ግንቡ ስሜን የሚጠራኝ ይመስለኛል፣ ዞር ስል ማንም የለም። አበድኩ ብዬ ፈራሁ። እናቴ ደግሞ ሰው እንዳይሰማ ፈራች። አልፈርድባትም፤ ታላቅ እህቴ አልማዝ ታጭታ ነበር። «በዘራቸው እብድ አለ» ከተባለ ሽማግሌዎቹ በመጡበት ይመለሳሉ።

ጠበል ተጠመቅሁ። ጠበሉን አላማም፤ እግሬ ግን ያው ሩጫው ላይ ነበር። ሰፈራችን ያለ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ለእናቴ ቀስ ብሎ «ሆስፒታል የነርቭ ሕመም የሚያይ ሐኪም መጥቷል፣ መድኃኒት አለው» አላት። ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች። መስከረም ጠብቶ አንድ ጠዋት ግን እኔው ራሴ «ካልወሰድሽኝ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ከዚህ ወዲያ አልችልም» አልኳት። ነጠላዋን አንስታ አዘቀዘቀች፣ እኔንም እንደዚያው አለበሰችኝ።

«ሰው ከጠየቀ ለቅሶ ነው» አለች።

እናቴ ብልህ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ብልሃቷ ከዳት። እኛ ሰፈር ለቅሶ የሚሄድ ሰው ብቻውን ይለቀቃል እንዴ? ገና ከአጥራችን ሳንርቅ «እኔን፣ ማን አረፈ?» ተባለ። «የሩቅ ዘመድ ነው፣ አትድከሙ» ብትል ማን ሰምቷት። አንዷ ነጠላ ልታመጣ ሮጠች፣ ሌላዋ ድስቷን ከእሳት አወረደች። ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት ጎረቤታችን አይ ዘይነባም ወጡ፤ ሐረሪዎች እናትን «አይ» ስለሚሉ እኛም እንደዚያው እንጠራቸዋለን። ይባስ ብሎ የአልማዝ እጮኛ አክስት፣ እትዬ በላይነሽ፣ ከገበያ ሲመለሱ አገኙንና ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ተቀላቀሉ። አንዳንዶቹማ ሟቹን ሳያውቁት ማልቀስ ጀምረዋል።

ፈላና በር ጋ ስንደርስ እትዬ በላይነሽ «ለቅሶው በየት በኩል ነው?» አሉ። የእናቴን ግንባር ላብ አጠመቀው። እኔን እግሬ ሩጪ፣ ሩጪ ይለኛል። ያን ጊዜ ብሮጥ ኖሮ ዕድሜዬን ሁሉ ስሮጥ እኖር ነበር።

«የሞተ የለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የታመምኩት። ሕመሜ የአእምሮ ነው። ሆስፒታል ልንሄድ ነው።»

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ የቤት ሥራቸው ትዝ አላቸው። አይ ዘይነባ ግን በሩ ሥር ከተቀመጠች ፍራፍሬ ሻጭ ዘይቱን፣ ማለትም ጉዋቫ፣ መምረጥ ጀመሩ።

«አይ ዘይነባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች እናቴ።

«ለቅሶ መስሎኝ ባዶ እጄን ወጣሁ። የታመመ በባዶ እጅ ይጠየቃል?» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «አላህ ሺፋውን ይስጥሽ ልጄ። ነይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ» አሉኝ።

ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ ሦስታችን ዘይቱኑን በላን። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ ጣመኝ።

መድኃኒቱ ወዲያው አልሠራም። አፌን አደረቀኝ፣ በቀን አስተኛኝ፤ ግንቡ ዝም ያለው ከወራት በኋላ ነው። የአልማዝ እጮኝነት ግን ፈረሰ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ሳንነጋገር ከረምን፤ ጨው እንኳ የምትጠይቀኝ በእናታችን በኩል ነበር። እውነት ተናግሬ እህቴን አጣሁ ብዬ አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ የታመምኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ኋላ ሌላ አግብታ ድሬዳዋ ገባች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልጇ ጎረምሳ ሲሆን እንቅልፍ አጣ። አልማዝ በማለዳው አውቶቡስ መጥታ፣ የልጁን እጅ ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። «አንቺን እንዳከሙሽ ያክሙልኝ» አለችኝ። ነጠላዬን አንስቼ አብሬያቸው ወጣሁ።

ዛሬም ክረምት ሲገባ እግሬ ይቁነጠነጣል፤ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ያልፋል። አገራችን ለሞተ ሰው እንዴት እንደሚሮጥ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ይከነክነኛልም፤ በቁሙ ለሚጨነቀውስ ምን አለ? አልማዝ ልጇን ይዛ በመጣችበት ጠዋት፣ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቅ እሷ ጮክ ብላ «ልጄን አእምሮውን አሞት ነው፣ ሆስፒታል» ትል ነበር። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ድምፅዋን ስሰማ ያለቀስኩትን ያህል በማንም ቀብር ላይ አላለቀስኩም።